አሥራ አራትና አሥራ አምስት

እህቴን በስሟ የሚጠራት የለም ማለት ይቻላል። ተማሪዎቿ «ቲቸር ይቻላል-ወይ» ይሏታል፤ ሰፈሩም ከእነሱ ተቀብሎ ያንኑ ይላል። እኔ ታናሿ ስለሆንኩ «እታለም» ነው የምላት። ቅጽል ስሙ የወጣላት ከአመሏ ነው። የሒሳብ ጨዋታ ስትሰጥ፣ ልጆቹ እርሳስ ከማንሳታቸው በፊት እጇን ዘርግታ ታስቆማቸዋለች። «ቆይ! መጀመሪያ ይቻላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የማይቻል ነገር ላይ ዕድሜውን የሚጨርስ ሰው ጎበዝ አይባልም።» ልጆቹም በአንድ ድምፅ «ይቻላል ወይ?» እያሉ ይጮሃሉ። ትምህርት ቤቱ ከአጥራችን ማዶ ስለሆነ፣ እኔ ልብስ የምሰፋበት ክፍል ድረስ ይሰማኝ ነበር።

የሒሳብ አስተማሪ ናት። ናት ልበል ነበረች፣ እሱን እኔም አላውቅም። መደበኛውን ትምህርት እንደማንኛውም አስተማሪ ታስተምራለች፤ ነፍሷ ያለችው ግን ዓርብ ዓርብ ከክፍል በኋላ በምታጫውታቸው ጨዋታ ላይ ነው። ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ይዞ ወንዝ የሚሻገረውን ሰውዬ ስንቴ እንዳሻገረችው እሷ ትወቀው። ሦስት ቤት ትስልና «ለእያንዳንዱ ቤት ውኃ፣ መብራትና ስልክ አስገቡ፤ መስመር ከመስመር እንዳይቆራረጥ» ትላቸዋለች። አንድ አባት ልጁ በዚህ ነገር ደብተሯን ስትጨርስበት ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ «ልጄን ኤሌክትሪሺያን ልታደርጊብኝ ነው?» ብሎ ጮኸ። እታለም ወንበር ስባ አስቀመጠችውና እሱኑ አሞከረችው። ሰውዬው ሲመሽ ነው የሄደው፤ ያውም ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከትቶ።

እኔንም አትምረኝም ነበር። ጨርቅ ዘርግቼ ጠመኔ ስይዝ ጠብቃ ትመጣለች። «ይሄን የመስቀል ቅርጽ ሁለቴ ብቻ ቀጥ አድርገሽ ቁረጪና ቁራጮቹን ገጣጥመሽ እኩል አራት ማዕዘን አድርጊልኝ።»

«እታለም፣ ደንበኛዬ ያዘዘችኝ ቀሚስ ነው።»

«ቀሚሱ ይደርሳል፤ ያልደረሰው አንጎልሽ ነው» ትለኝና እየሳቀች ትሄዳለች። እኔ ደግሞ ቆሽቴ እያረረ መስቀሉን ስቆርጥ እውላለሁ።

ባሏ ታፔላ ጸሐፊ ነው። የሱቅ፣ የፀጉር ቤት፣ የጋራዥ ስም በብሩሽ ይጽፋል። ከጥፍሩ ሥር ቀለም ጠፍቶ ስለማያውቅ «ጋሼ ቀለም» እለዋለሁ። የተዋወቁት የትምህርት ቤቱን በር ሊጽፍ መጥቶ ነው። መሰላል ላይ እንዳለ ከታች ቆማ፣ «ብሩሽህን ሳታነሳ፣ በሄድክበት መስመር ሳትደግም፣ አንድ አራት ማዕዘን ከነመሀል ኤክሱ ትስልልኛለህ?» አለችው። ምን ቸገረኝ ብሎ እሺ አለ። ሲሞክር ሰነበተ፤ የሥራ ቦታው ግድግዳ በአራት ማዕዘን ተሞላ። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ መጣና «አቃተኝ፣ እኔ ደነዝ ነኝ መሰለኝ» አላት።

«አይቻልም እኮ!» ብላ ሳቀች። «ይቻላል ወይ ብለህ ለምን አልጠየቅከኝም?»

ሌላ ሰው ቢሆን የቀለሙን ቆርቆሮ ይደፋባት ነበር። እሱ ግን አገባት። ልጅ አልወለዱም፤ ሁለቱ እርስ በርስ እንደተጫወቱ ኖሩ። ደግ ሰው ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። አንድ ጉድለት አለበት፤ ሲያጠፋ አጠፋሁ ማለት አይሆንለትም። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ዓይነት ነው። ብርጭቆ ሰብሮ «ድመት ናት» ይላል፤ ቤታቸው ውስጥ ድመት የለም። እታለም ይህን የመሰለውን ትስቅበት ነበር እንጂ እንደ ውሸት ቆጥራበት አታውቅም።

ስትሮክ የመታት ክፍል ውስጥ ነው። ጠመኔው ከእጇ ወደቀ፤ ልታነሳው ጎንበስ አለች፤ በዚያው ቀረች። ልጆቹ አጥር ዘለው ነው የጠሩኝ። ስደርስ አፏ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል፤ ዓይኗ ግን ያየኛል። ያንን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም።

ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ከገባች በኋላ አንደበቷ ቀስ በቀስ ተመለሰ። እግሯም በከዘራ መሄድ ጀመረ። ቀኝ እጇ ግን ጭኗ ላይ ተኝቶ ቀረ። ሐኪሙ ዛሬ ምን ቀን ነው፣ ይሄ ምንድን ነው፣ ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነስሽ ቁጠሪልኝ እያለ ጠየቃትና «አእምሮዋ ደህና ነው፣ ማስተማር ትችላለች» አለን። እኛ እልል ልንል ስንል እሷ ፊቷን አጠቆረች።

«ይሄ ፈተና ነው? በቀቀንም ይመልሰዋል» አለች ቤት ስንገባ። «ልጆች ፊት የምቆመው አንጎሌ እንደሚሠራ ራሴ ሳረጋግጥ ነው። ሐኪም ስላለ አይደለም።»

ዳይሬክተሩ ሊጠይቃት መጥቶ፣ ቦታሽ ይጠብቅሻል፣ ትምህርት ሲከፈት ብቻ እሺ ወይም እንቢ በዪን ብሎ ሄደ። እሷም ራሷን የምትፈትንበትን መረጠች። ዓርብ ዓርብ ከምታጫውትባቸው ዕቃዎች አንዱ ነው፤ «አሥራ አምስቱ» ይሉታል። የመጽሐፍ ያህል የምትሆን ባለ ጠርዝ የእንጨት ሰሌዳ ናት። ውስጧ ከአንድ እስከ አሥራ አምስት የተጻፈባቸው ጠፍጣፋ ቁራጮችና አንድ ባዶ ቦታ አለ። ቁራጭ ማንሳት አይፈቀድም፤ ወደ ባዶው ቦታ እየገፉ፣ እየገፉ፣ ቁጥሮቹን በተራቸው መደርደር ነው። እታለም አንዴ አይታው፣ ዓይኗን ጨፍና ስትደረድረው አይቻለሁ።

«ትምህርት ሳይከፈት ይሄን ዕለት ዕለት መደርደር ከቻልኩ እገባለሁ» አለች። «ካቃተኝ በቃኝ፤ የሰው ልጅ አላበላሽም።»

መጀመሪያ ላይ በግራ እጇ ቀስ እያለች ደረደረችው። አዎ፣ ደረደረችው! ጋሼ ቀለም ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ፤ እኔም መርፌዬን እንደያዝኩ ጨፈርኩ። ችግሩ ግን ቁጥሮቹ በልጆቹ አውራ ጣት ተፍቀው ነበር። የሷም ዓይን ከሕመሙ ወዲህ ብዥ ይልባታል። ስድስቱን ዘጠኝ፣ አንዱን ሰባት ታደርገውና መሀል ላይ ትናደዳለች። ባሏ ይህን አይቶ አንጀቱ ተላወሰ። «አምጪው፣ እኔ አድስልሻለሁ። ለዚህ ካልሆነማ ሙያዬ ምን ያደርጋል?» ብሎ ሥራ ቦታው ወሰደው።

እዚያ የሆነውን ያወቅነው በኋላ ነው፤ እናንተ ግን አሁኑኑ እወቁት። ቁራጮቹ ተጣብቀው ሳለ ብሩሹ ዳር ዳሩን አላስኬድ አለው። ስለዚህ ጠርዙን በቢላ ፈልቅቆ አሥራ አምስቱንም አወጣቸው። ሲፈለቅቅ ጠርዙ ተሰነጠቀበት። በማጣበቂያ አጣብቆ ቀለም ቀባበት፤ በእጁ ጥበብ ስንጥቁ ጠፋ። ቁጥሮቹን አሳምሮ ጻፈ፣ ጥላ አበጀላቸው፣ ጋዜጣ ላይ አደረቃቸው። ከዚያ እንዳገኘ፣ እንደመጣለት መለሳቸው። ለሱ የተደባለቀ የተደባለቀ ነው፤ ደርዳሪዋ እሷ አይደለች?

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። እታለም በየዓመቱ ለልጆቹ የምትነግረው ነገር ነበር። «ቁራጮቹን አውጥታችሁ በዘፈቀደ ከመለሳችሁ ጨዋታው ሊሞት ይችላል። ሃምሳ በሃምሳ ነው። ከሞተ፣ ሁሉን ደርድራችሁ ስታበቁ አሥራ አራትና አሥራ አምስት ተለዋውጠው ይቀራሉ። ከዚያ ወዲያ ዘመናችሁን ሙሉ ብትገፉ አይስተካከሉም።» ለምን እንደማይስተካከሉም ጥቁር ሰሌዳው ላይ ቁልጭ አድርጋ ታሳያቸዋለች። ባሏ ግን ማውጣት ክልክል መሆኑን እንጂ ምክንያቱን አልሰማም። ካርታ ሲጫወቱ እንደማጭበርበር ያለ ነውር መስሎታል።

ሰሌዳውን ሲያመጣላት ዓይኗ በራ። «ይሄን ሱቅ በር ላይ ልትሰቅለው ነው እንዴ?» ብላ ቀለደች። ጭኗ ላይ አድርጋ መግፋት ጀመረች። አንደኛው ረድፍ ሞላ፤ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውም ሞላ። መጨረሻው ላይ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ አራት ሆኖ ቆመ።

እሷ ግን ምንም አልደነገጠች። «አሃ!» አለችና ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ፣ ቁራጮቹን አውጥተሃቸው ነበር?»

ጋሼ ቀለም ስንጥቁ ታወሰው። ባለሙያ ነኝ ብሎ የወሰደውን ዕቃ ሰበርኩ ማለት ጨነቀው። «ኧረ በፍጹም! ባሉበት ነው የቀባኋቸው» አላት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ምን ነካሽ? በቀጭን ብሩሽ፣ ባሉበት።»

በቃ፤ ከዚህ የተለየ ነገር አልተናገረም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ይሄኛው ግን እያደር ከበደ።

እታለም ቁራጮቹን እየገፋች በታተነችና እንደገና ጀመረች። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ አራት። በማግሥቱም ያው፤ በሳምንቱም ያው። ምግብ ሲቀርብላት ሰሌዳውን ከጭኗ አታወርድም። ባሏ አጠገቧ ቁጭ ብሎ «አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ፣ ሁለት ቁጥር ብቻ እኮ ነው!» እያለ ያበረታታታል። ወይ እዳ! የሚያበረታታት ወደ ገደል ነበር።

አንድ ቀን የቀሚስ ጠርዝ እየሰፋሁ አጠገቧ ሳለሁ እርሳስ አምጪልኝ አለችኝ። በግራ እጇ፣ ያ አቀማመጥ የማይስተካከልበትን ምክንያት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፈች። ከዚያ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አየችው።

«ልክ ነው?» አልኳት።

«ልክ ይመስለኛል። እሱ ነው ያስፈራኝ» አለች።

አልገባኝም አልኳት። እንደ ተማሪዋ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። «ከመቀባቱ በፊት ደርድሬዋለሁ፤ አይተሻል። ቁራጮቹ ካልወጡ፣ ዛሬም መደርደር አለበት። እኔ የጻፍኩት ደግሞ አይደረደርም ይላል። አልወጡም ያለኝ ባሌ ነው፤ ታሜ ያጠበኝ፣ ያጎረሰኝ ሰው ነው፤ በኔ ሕመም አይቀልድም። ስለዚህ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ወይ ስገፋ እስታለሁ፣ ወይ ቁጥሩን አሳስቼ አያለሁ፣ ወይ ይሄ የጻፍኩት ሁሉ ቅዠት ነው። የቱ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ማወቅ አለመቻል አይደለም የሚከፋው። ሳላውቅ ያወቅኩ ሲመስለኝ ነው።»

«ኤዲያ! ለአንድ የልጅ መጫወቻ ብለሽ!» ብዬ ጮህኩባት። ምን ልበላት?

ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ዳይሬክተሩን አስጠርታ በሌላ ሰው ተኩኝ አለችው። ለመናት፤ የሐኪሙን ቃል አነሳላት፤ አልሰማችውም። ልጆቹ ተሰብስበው መጡ፣ በር ላይ ሆነው «ይቻላል ወይ?» ብለው ጮኹ። እንድትስቅ ብለው ነው፣ ምን ያድርጉ። እሷ መጋረጃውን ዝጊልኝ አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የደረሰው ደግሞ የባሰ ነው። ራሷን ማመን ያቆመች ሴት እንዴት ትኑር? መድኃኒቷን በእጇ ይዛ «ይሄ የጠዋቱ ነው የማታው?» ትለኛለች። የጠዋቱ ነው ስላት ትውጣለች። ራሷ ታውቀው ነበር፤ ግን ማወቋን አታምነውም። ስልክ ቁጥር ከአፏ ሊወጣ ሲል ታቆመዋለች። መንገድ ልናቋርጥ ስንል፣ መኪና እንደሌለ እያየች፣ እኔ ሂጂ ካላልኳት አትራመድም። ያቺ አርባ ልጅ በአንድ ጣት የምታስቆም ሴት! ቅስሟ ተሰበረ ይላሉ እንጂ እኔ ያየሁት ሰው ከነነፍሱ ሲቀበር ነው።

ስንጥቁን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሰሌዳውን ከዓይኗ ላርቀው ብዬ ከአልጋ ሥር ላስገባ ሳነሳው ጠርዙ በእጄ ላይ ተላቀቀ። ብፈትሸው የደረቀ ማጣበቂያ አየሁ፤ የቁራጮቹ ጎንም ጥቁር ቀለም ነክቶታል። ባለበት የተቀባ ቁራጭ ጎኑ አይቀባም፤ ይህን ለማወቅ ሒሳብ አያሻም። ሰሌዳውን በነጠላዬ ሸፍኜ ሥራ ቦታው ሄድኩ። የፀጉር ቤት ታፔላ ላይ አጎንብሷል።

«ጋሼ ቀለም፣ ይሄ ምንድን ነው?»

አየውና ፈገግ አለ፤ እንደተያዘ ልጅ። «እሱማ ሳወጣቸው ተሰነጠቀብኝ። ለሷ አትንገሪያት፣ ታፌዝብኛለች።»

ክው አልኩ። «አውጥተሃቸዋል?»

«ታዲያ እንዴት አድርጌ ልቀባቸው? ደህና አድርጌ መልሻቸዋለሁ፣ አንድም አልጠፋ።»

ጮህኩበት። ምን ምን እንዳልኩት አሁን አልደግመውም፤ መንገደኛ ቆሞ ሲያየን ትዝ ይለኛል። ከዚያ እሷ ያስረዳችኝን ስነግረው፣ ከሁለት አንዱ ዕድል መሆኑን፣ አሥራ አራትና አሥራ አምስትን፣ እስከ ዛሬ የማይቻል ነገር ሲያስገፋት እንደኖረ፣ ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። የቀለም ባልዲው ላይ ቁጭ አለ። «እኔ ነኝ? ያን ሁሉ ቀን... አይዞሽ ስላት?» አለ። ከዚያ በኋላ ልሰድበው አንጀት አጣሁ።

እየሮጠ ማለት ይቻላል ቤት ገባ። እኔም ሰሌዳውን ይዤ ተከተልኩት። እታለም መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። እግሯ ሥር ተንበርክኮ ሁሉንም ተናዘዘ፤ ቢላውን፣ ስንጥቁን፣ ማጣበቂያውን፣ ውሸቱን። «አንቺ ልክ ነበርሽ! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልክ ነበርሽ!» እያለ ያለቅሳል። እኔ ደግሞ አሁን ትነሳለች፣ አሁን በከዘራዋ ትለዋለች ብዬ እየጠበቅኩ ነው። በሞቴ፣ ብትመታው እንዴት ደስ ባለኝ!

እሷ ግን የግራ እጇን ራሱ ላይ አሳረፈች። «ደግ ሰው ነህ» አለችው።

«ደግ አይደለሁም! ዋሽቼሻለሁ!»

«አውቃለሁ፤ እንዳልጎዳ ነው።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የምትለው ስለ ያኔው አይደለም። አሁን፣ ሊያጽናናት ብሎ የሚዋሻት መስሏታል። የተላቀቀውን ጠርዝ አሳየኋት። አየችውና «ምስኪን፣ ይሄን ሁሉ ለኔ ብላችሁ ደከማችሁ» አለች። ሁለታችን መክረን ሰሌዳውን የሰበርንላት መስሏታል!

ጋሼ ቀለም አሥራ አራትንና አሥራ አምስትን አወጣ፤ ቦታቸውን ለዋወጠ፤ ጠርዙን መልሶ ገጥሞ፣ እየገፋ በታትኖ ጭኗ ላይ አደረገላት። «አሁን ሞክሪ፣ በናትሽ፣ አንዴ ብቻ።» እምቢ አላለችም። ቀስ እያለች ገፋች። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት። ሁሉም በቦታቸው ተደረደሩ። «እሰይ!» አልኩ፤ ፊቷ ላይ ግን ምንም አልነበረም።

«አየሽ?» አላት ባሏ። «አየሽ አይደል?»

«አየሁ» አለች። ሰሌዳውን አንስታ በጥንቃቄ መለሰችለት። «ያኔ አላወጣሁም አልከኝ። አሁን አውጥቼ ነበር ትለኛለህ። ሁለቱም እውነት ሊሆን አይችልም፤ አንዱ ውሸት ነው። ጥሩ። ግን የትኛው እንደሆነ በምን ልወቅ? በዚህ ጭንቅላት?»

«ራስሽ የጻፍሽውስ? ወረቀቱስ?» አልኳት፣ እያለቀስኩ።

«እሱን የጻፍኩትም በዚሁ ጭንቅላት ነው፣ እህቴ።»

ለዚህ መልስ ያለው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ሐኪሙን ብናመጣ፣ ለምናችሁት ትላለች። ዳይሬክተሩ መጣ፣ ልጆቹም አንድ በአንድ መጡ፤ ሁሉንም በትሕትና ሰማች፣ አንዱንም አላመነች። ዓርብ ዓርብ የሚያጫውት ሰው ጠፍቶ ክፍሉ ተዘግቷል፤ አዲሱ አስተማሪ ጨዋታ አይወድም ይላሉ።

ጋሼ ቀለም ከሥራ ሲመለስ እጁን እንኳ ሳይታጠብ መጀመሪያ እሷ ጋ ይገባል። «እኔ ነኝ ያወጣኋቸው፤ አንቺ አልተሳሳትሽም» ይላታል። ዛሬም ብሏታል።

«እሺ» ትለዋለች።